የህንዱ ኮሜዲ ለ11ኛ ክፍል ፊዚክስ፤ የትኛው ትዕይንት ያስተምራል?

መምህር_ከጣርማበር

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፊዚክስ የምታስተምሩም፣ የምትማሩም፣ ከፊዚክስ ሮጣችሁ ያመለጣችሁም ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

«ስሪ ኢዲየትስ» የሚባለውን የህንድ ፊልም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ራጅኩማር ሂራኒ ያዘጋጀው፣ አሚር ካን ራንቾ የሚባል የምህንድስና ተማሪ ሆኖ የሚተውንበት። ተማሪዎቼ በአማርኛ ትርጉም አይተውት በቃላቸው ይወጡታል። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ስጠይቀው መሬት መሬት የሚያየው ልጅ የፊልሙን ንግግር ከነድምፁ ይደግመዋል። እና ለምን አልጠቀምበትም አልኩ። ትዕይንቱን ቆርጬ በፍላሽ እይዛለሁ፣ በሚኒ ሚዲያው ቴሌቪዥን አሳያለሁ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰሌዳ።

እስካሁን አሪፍ የሄደልኝ የእስክሪብቶው ነው። የኮሌጁ ኃላፊ ለአዲስ ተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ አንድ እስክሪብቶ ያወጣል። ጠፈር ላይ ተራ እስክሪብቶ ስለማይጽፍ ሳይንቲስቶች ብዙ ሚሊዮን ዶላር አውጥተው ይህንን ሠሩ ይላል። ራንቾ እጁን ያወጣና «ታዲያ ለምን በእርሳስ አልጻፉም?» ይለዋል። ሰውዬው ይደርቃል፣ ልጆቹ ይስቃሉ።

እኔ እዚያ ላይ አቆመዋለሁ። ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ወረቀቱን ከላያቸው ይዘው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ትንሽ ይጽፍና ይደርቃል። ለምን? ቀለሙን ወደ ጫፏ ኳስ የሚያወርደው ግራቪቲ ነዋ። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዚያ «ጠፈር ላይስ?» እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይጽፍም!» ይላል።

ይጽፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ፔድሮ ዱኬ የሚባል ስፔናዊ ጠፈርተኛ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተራ እስክሪብቶ ጽፎ አሳይቷል። ተገልብጦ መጻፍና ክብደት አልባ ሆኖ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ስንገለብጠው ግራቪቲ ቀለሙን ከኳሷ ያርቀዋል። እዚያ ግን ወዲህም ወዲያም የሚጎትተው የለም። ቀለሙ ከኳሷ ጋር እንደተጣበቀ ይከተላታል። አንዷ ተማሪ «ግራቪቲ ስለሌለ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ደግሞ ዋናው ትምህርት ተጀመረ። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የግራቪቲው መጠን 8.7 አካባቢ ነው፣ እዚህ 9.8። ብዙም አልቀነሰም። ሰዎቹ የሚንሳፈፉት ጣቢያውም እነሱም አብረው መሬትን እየዞሩ ስለሚወድቁ ነው። ይህንን ከመጽሐፉ ባነብላቸው ኖሮ ግማሹ ያንቀላፋ ነበር።

በነገራችን ላይ የሚሊዮን ዶላሩ ወሬም የተጣመመ ነው። እስክሪብቶውን የሠራው ፖል ፊሸር የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ በራሱ ገንዘብ ነው። ቀለሙን ከኋላ የሚገፋው የታመቀ ናይትሮጅን ነው። ናሳ ሞክሮ ገዛው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. በአፖሎ 7 በረረ። ሶቪየቶችም ገዙት። ከዚያ በፊት ሁለቱም በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ግን የእርሳስ ስባሪ ይንሳፈፋል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ግራፋይት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኃላፊው ራሱ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ስለ ስባሪው ይመልሳል፤ ተማሪዎቼ ያንን ክፍል አያስታውሱትም።

ሌላ ትዕይንት ጠቁሙኝ። ፊልሙ ትክክል ካልሆነም ግድ የለም። እንዲያውም ሲሳሳት ይመቸኛል።

ጡረተኛው_ሮቢት

መምህር፣ ይህችን ዘፈን ከዚህ በፊት ሰምተናታል። ፕላዝማ ሲመጣም «ልጆቹ በምስል ቶሎ ይገባቸዋል» ተብሎ ነበር። የፕላዝማው መምህር «ሞክሩት» ብሎ ልጁ እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱን ይናገራል። እኛ ዳር ቆመን ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆንን።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። ልጆቹ ያጡት ሳቅ ነው? ያጡት ልምምድ ነው። ፈተናው ላይ አሚር ካን አይመጣም። ልጅህ ቤቱ ሲገባ ቀልዱን እንጂ ቀመሩን ይዞ አይሄድም።

መምህር_ከጣርማበር

ጋሼ፣ ፕላዝማው አይቆምም ነበር። ይሄኛውን እኔ አቆመዋለሁ። ልዩነቱ እሱ ነው። ስለ ልምምዱ ግን አልከራከርም።

ኤሌክትሪሺያን_ደብረብርሃን

የሽንቷን ትዕይንት ረሳሃት እንዴ? እኔ ለተለማማጆቼ ሁሌም የማወራት እሷን ነው።

ለማያስታውስ፦ አዲስ ገቢዎቹን የሚያሰቃየው ነባር ተማሪ ራንቾ በሩን ካልከፈተ በሩ ላይ እንደሚሸና ይዝታል። ራንቾ ማንኪያ ላይ ሽቦ ያስርና ከመብራቱ ያገናኘዋል፣ በበሩ ስር ወደ ውጭ ይገፋዋል። ልጁ ይሸናል፣ ይያዛል፣ ይጮሃል። ምክንያቱ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል የሚል ነው።

ይህ እውነት ነው። ንጹህ ውሃ ከረንት እንደ ምንም ነው የሚያስተላልፈው። ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮን ሆኖ ይለያያል፣ ቻርጁን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። ሽንት ውስጥ ደግሞ ጨው ሞልቷል።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የሚወርደው ፈሳሽ ትንሽ እንደራቀ ወደ ጠብታ ይበታተናል። በጠብታና በጠብታ መሃል አየር አለ፣ መንገዱ ይቋረጣል። ስለዚህ ልጁ በጣም ቀርቦ ካልቆመ አይያዝም። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ይህ አያስቅም። ቁጥሩን እንሥራው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ደረቅ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም ሬዚስታንስ ሊኖረው ይችላል። 220 ለ100,000 ሲካፈል 2.2 ሚሊአምፔር ነው፣ ይነዝራል። ቆዳው ሲረጥብ ሬዚስታንሱ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። አሁን 220 ሚሊአምፔር ሆነ። 100 ሚሊአምፔር በልብ በኩል ካለፈ ይገድላል። ፊልሙ ላይ ልጁ ዘሎ ይነሳል፣ ሰፈር ውስጥ ቢሆን ድንኳን ይተከላል።

መምህር፣ ክፍል ውስጥ ስታሳይ ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንዳትነካካ። ሁለት ባትሪ ድንጋይ (3 ቮልት)፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ፣ ሁለት ምስማር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። መጀመሪያ ያለ ጨው ሞክር፣ ከዚያ በማንኪያ እየጨመርክ። ምስማሮቹን ስታቀራርብና ስታራርቅ ብርሃኑ ምን እንደሚሆን ልጆቹ ቀድመው ይገምቱ። ያለ ጨውም ጭል ጭል ካለ አትደንግጥ፣ የቧንቧ ውሃም የራሱ ማዕድን አለው።

ተማሪ_ነኝ_11ኛ

እኔ ያልገባኝ፣ ራንቾ ያገናኘው አንድ ሽቦ ብቻ ነው አይደል? ሰርኪዩት ካልተዘጋ ከረንት አይፈስም ተብለናል። ታዲያ ልጁ እንዴት ተያዘ? ወፍ ሽቦ ላይ ቆማ ምንም አትሆንም።

ኤሌክትሪሺያን_ደብረብርሃን

ጎበዝ! እዚህ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ሰርኪዩቱ ተዘግቷል። ሁለተኛው ሽቦ መሬት ነው። ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት ጋር ታስሯል። ልጁ መሬት ላይ ስለቆመ ከረንቱ በሽንቱ ገብቶ፣ በሰውነቱ አልፎ፣ በእግሩ ወጥቶ በመሬት ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ወፏ ግን ሁለቱም እግሯ አንድ ሽቦ ላይ ነው፣ መሬት አልነካችም። በእግሮቿ መሃል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ምንም ነው ማለት ይቻላል። ክንፏን ዘርግታ ሌላ ሽቦ ወይም የብረት ምሰሶ ከነካች ያኔ ትሞታለች።

ለዚህ ነው እኛ የጎማ ጫማ የምናደርገው። ራንቾ ራሱ ማንኪያውን በእንጨት መግፋት ነበረበት፣ በምን እንደገፋው ፊልሙን መልሰህ እይ።

አዋላጅ_ነርስ

ስለ ማዋለዱ ትዕይንት ማንም አለመናገሩ ገረመኝ። ወንዶች ስለሆናችሁ ነው መሰለኝ 🙂

ዝናብ ነው፣ መንገዱ ተጥለቅልቋል፣ መብራት ጠፍቷል። የራንቾ ፍቅረኛ ሐኪሟ ፒያ በቪዲዮ እየመራቻቸው ልጆቹ እህቷን ጠረጴዛ ቴኒስ ላይ ያዋልዳሉ። ምጡ ሲከብድ ራንቾ የቤት መጥረጊያውን ቫኩም ክሊነር ወደ ማዋለጃ መሣሪያ ይቀይረዋል።

መሣሪያው እውነተኛ ነው፤ እኛ ቫኩም እንለዋለን። ኩባያው የሕፃኑ ጭንቅላት ላይ ይገጠማል። እናትየው ስታምጥ ነው የሚሳበው፣ እሷ ካልገፋች አይሳብም። የማህፀን በሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፣ ጭንቅላቱ በቂ መውረድ አለበት። ግፊቱን የሚያሳይ መለኪያ አለው፣ 600 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዳናልፍ ነው የተማርነው። ራንቾ መለኪያ የለውም። እባክህ መምህር፣ ይህን ስታሳይ ፊዚክሱን ብቻ። ልጆች ከፊልም ማዋለድ ተማርን እንዳይሉ።

መምህር_ከጣርማበር

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። ይሄ ለፕሬዠር ምዕራፍ የተሠራ ትዕይንት ነው።

ተማሪው ሁሉ «ቫኩሙ ይስበዋል» ነው የሚለው። ቫኩም አይስብም። ኩባያው ውስጥ አየር ሲቀንስ የውጩ አየር ኩባያውን ጭንቅላቱ ላይ ይጫነዋል። ሥራውን የሚሠራው የውጩ አየር ነው።

እስቲ በቁጥር። ጥሩ የሚባል የቤት ቫኩም ክሊነር ወደ 20 ኪሎፓስካል ልዩነት ይፈጥራል። የኩባያው ስፋት 6 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ቢሆን ኤሪያው 28 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 56 ኒውተን። ከ6 ኪሎ ክብደት በታች ማለት ነው። ሲስተር ያለችው 600 ሚሊሜትር ሜርኩሪ 80 ኪሎፓስካል ነው፣ በዚያው ኩባያ 224 ኒውተን። ራንቾ የያዘው የዚያን ሩብ ብቻ ነው። ኩባያውን ትንሽ ሲጎትተው መላቀቅ ነበረበት።

አሁን ወደኛ አገር እናምጣው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። ባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሚሆነው የአየር ግፊት እዚያ ወደ 72 ይወርዳል፣ ማለትም ወደ 540 ሚሊሜትር ሜርኩሪ። የዓለም ምርጡ ፓምፕ ቢመጣ ኩባያውን የሚጫነው አየር ከዚያ በላይ የለውም። 600 ደብረ ብርሃን ላይ በተፈጥሮ አይደረስም!

ይኸው ግፊት ነው ውሃችንን ቶሎ የሚያፈላው። ደብረ ብርሃን ውሃ በ90 እና 91 ዲግሪ መሃል ይፈላል። ባቄላ አልበስል የሚለው እንጨቱ ረጥቦ ብቻ አይደለም። ፊልሙ የሚያልቅበት የላዳክ ሐይቅ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ 86 አካባቢ ይፈላል። ቴርሞሜትር ያለው ትምህርት ቤት በአንድ ክፍለ ጊዜ ያረጋግጠዋል።

አዋላጅ_ነርስ

የመለኪያው መርፌ ለምን 600 እንደማይደርስ አሁን ገባኝ። ይህን ለባልደረቦቼ አሳያለሁ።

ኤሌክትሪሺያን_ደብረብርሃን

የመብራቱን ነገር ልጨምር። መብራት ስለጠፋ ከመኪኖች ባትሪ ሰብስበው በኢንቨርተር ነው ቫኩሙን ያስነሱት። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ዲሲ ነው። ኢንቨርተሩ ወደ ኤሲ ይቀይርና ወደ 220 ያወጣዋል። ቫኩሙ 1,000 ዋት ቢሆን ከ12 ቮልት 83 አምፔር መሳብ አለበት። ለአምፖል የምንዘረጋው ቀጭን ሽቦ ይቀልጣል። አራት ባትሪ በሲሪስ (ጫፍ ለጫፍ) አስረህ 48 ቮልት ብታደርገው ግን 21 አምፔር ይበቃል። ያው ኃይል፣ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ከረንቱ ዝቅ። ከግድቡ የሚመጣው መስመር ቮልቴጁ ለምን እንደዚያ ከፍ እንደሚል በዚህች ትዕይንት ይገባቸዋል።

ጡረተኛው_ሮቢት

እሺ፣ ፊልሙን ትናንት ማታ ከልጅ ልጄ ጋር ደግሜ አየሁት።

ማናችሁም ያላነሳችሁት አንድ ትዕይንት አለ። መምህሩ «ማሽን ምንድን ነው?» ይላል። ራንቾ የሰውን ድካም የሚቀንስ ሁሉ ማሽን ነው ብሎ የሱሪውን ዚፕ ሳይቀር ይጠቅሳል። መምህሩ ያባርረዋል። የመጽሐፉን ትርጉም በቃሉ የሸመደደው ልጅ ይሞገሳል። ተመልካቹ ሁሉ ከራንቾ ጋር ነው።

እኔ ከማንም ጋር አይደለሁም። ሸምዳጁ አልገባውም። የራንቾም ጎደሎ ነው፣ እንዲያውም ልጆች ፈተና ላይ የሚወድቁበት ቦታ ነው። ማሽን ሥራን አይቀንስም። አንድ ኩንታል ገብስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው መኪና ላይ ጫን። ክብደቱ 980 ኒውተን፣ ሥራው 1,176 ጁል። አሁን 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ ዘርግተህ ግፋው። ሰበቃውን ከተውነው 294 ኒውተን ይበቃሃል፣ ግን 4 ሜትር ትገፋለህ። 294 በ4 ያው 1,176 ነው። ሰበቃውን ከጨመርክ እንዲያውም ይበልጣል። ፎርሱን ቀነስክ፣ ርቀቱን ከፈልክ።

መምህር፣ ይህችን ካሳየህ እዚያ ላይ አቁምና «ራንቾ ምን ጎደለው?» ብለህ ጠይቅ።

ሾፌር_ደሴ_መስመር

ጋሼ፣ የጣርማበር መንገድ ራሱ ሳንቃ ነዋ! ቀጥ ብሎ ቢሆን ማን ይወጣው ነበር?

እኔ ተራ ሾፌር ነኝ፣ ፊዚክስ ሳልጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣሁት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የጣርማበሩ ዋሻ ጋ የጨረስኩትን የውሃ ላስቲክ ክዳኑን አጥብቄ ወንበሩ ስር እወረውረዋለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጭምድድ ብሎ አገኘዋለሁ። ይሄም የዚህ የኩባያው ነገር ነው? ደግሞ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልወረድክ ፍሬኑ ይሸታል፣ ከዚያ እግርህ ብቻውን ይቀራል። ምን ያህል ሙቀት ነው እዚያ የሚወጣው?

መምህር_ከጣርማበር

ያው እሱ ነው ወንድሜ። ላስቲኩን ማንም አልሳበውም፣ የሮቢት አየር ከውጭ ጨመቀው። ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሮቢት 1,300 ገደማ። ላስቲኩ ውስጥ የቀረው የደጋ አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይጨመቃል።

ስለ ፍሬኑ፦ 10 ቶን መኪና 1,800 ሜትር ሲወርድ ማሱን በ9.8 እና በከፍታው አባዛ። ወደ 176 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ይህ ሁሉ የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ከ500 ሊትር በላይ የደጋ ውሃ ከቅዝቃዜው አንስቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። በከባዱ ማርሽ ስትሆን ብዙውን ሞተሩ ይወስድልሃል፣ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል። በእግር ፍሬን ብቻ ከወረድክ ሁሉም የፍሬን ሸራው ላይ ነው። ሸራው ሲግል ሰበቃው ይወርዳል፣ ፍሬኑ አልይዝ ይላል።

ልጅ_ከመሐል_ሜዳ

እኔ ደግሞ «ሆም አሎን»ን እጠቁማለሁ፣ የ1990ውን እ.ኤ.አ.። ልጁ የቀለም ቆርቆሮ በገመድ አስሮ በደረጃው የሚወጡት ሌቦች ግንባር ላይ ይለቅቀዋል። 5 ኪሎ ቆርቆሮ 2.5 ሜትር ቢወርድ ፍጥነቱ 7 ሜትር በሰከንድ፣ ኢነርጂው 122 ጁል። ግንባሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ቢያቆመው ከ12,000 ኒውተን በላይ ነው፣ አንድ ቶን ከነምርቃቱ። ሌባው ተነስቶ ይሮጣል። ዩኒቨርሲቲ እያለን ዶርም ውስጥ ይህንን ስንሠራ እናመሽ ነበር። ዲሴምበር ሲመጣ ብዙ ቴሌቪዥን ያሳየዋል፣ ለመቁረጥም አይቸግርም።

ጡረተኛው_ሮቢት

ጥሩ። አሁን ተሟሙቃችኋል። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ልጆቹ ተምረዋል ወይስ ተዝናንተዋል?

መምህር፣ ስንት ሴክሽን ታስተምራለህ? ለአንዱ በፊልም፣ ለአንዱ በተለመደው መንገድ አስተምር። የፕሬዠሩን ምዕራፍ ውሰድ። ከዚያ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፈተና። ከፊልሙ አንድ ቃል የሌለበት።

መምህር_ከጣርማበር

ሁለት ሴክሽን ነው ያለኝ። «ሀ» በፊልም፣ «ለ» ያለ ፊልም። የልምምድ ጥያቄው ለሁለቱም እኩል ይሆናል፣ በልምምድ በለጡ እንዳይባል። «ለ»ዎች ከሰሙ ያኮርፋሉ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ለእነሱም አሳያለሁ። ውጤቱ ሲታረም እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ጡረተኛው_ሮቢት

ይሁን። ፈተናውን ግን የማወጣው እኔ ነኝ።